ቁጥር ስድስትን የመከሩት ሽማግሌ

ራግቢ የሚባል ጨዋታ እስከ ሃያ ስድስት ዓመቴ ድረስ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም ነበር። ዛሬ እንጀራዬ እሱ ነው። በመካከል የሆነው ነገር አንድ ቅዳሜ ብቻ ስለሆነ እሱኑ ላጫውታችሁ።

መስከረም እባላለሁ። በስፖርት ሳይንስ ተመርቄ፣ ኮተቤ አንዲት ክፍል ተከራይቼ፣ በሥራ ፍለጋ ጫማ ስጨርስ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። እናቴ ከደብረ ብርሃን በደወለች ቁጥር “እህሳ?” ትለኛለች፤ እኔም “ሊጠሩኝ ነው” እላታለሁ። ሊጠሩኝ ነው ስል ሁለት ክረምት አለፈ። በመጨረሻ “እስከዚህ ወር መጨረሻ ካልጠሩሽ እኔ እጠራሻለሁ፤ ጓዝሽን ይዘሽ ትመጫለሽ” አለችኝ። እናቴን ስለማውቃት ቀልድ እንዳልሆነ ገባኝ።

በዚያው ሰሞን ነው በኢንተርኔት አንድ የሩቅ አገር ድርጅት ለሙከራ የተቀበለኝ። ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። በራግቢ ኳስ የያዘውን ተጫዋች አቅፈው ይጥሉታል፤ ከሁለቱም ወገን ሰው እየሮጠ መጥቶ እላዩ ላይ ይረባረባል። እነሱ ራክ ይሉታል፤ እኔ ክምር ልበለው። የእኔ ድርሻ የተቀዳ ጨዋታ እያየሁ በእያንዳንዱ ክምር ማን ቀድሞ በስንት ሴኮንድ ደረሰ፣ በየት በኩል ገባ፣ ጥፋት ሠራ ወይስ አልሠራም፣ ኳሱ ለማን ሆነ የሚለውን በኮድ መሙላት ነበር። በአንድ ጨዋታ ክምሩ ከመቶ ይበልጣል።

የመጀመሪያውን ሙከራ እንዴት እንደወደቅኩ ስነግራችሁ አትሳቁብኝ። ቪዲዮውን ከፈትኩ። አንዱ ወደቀ፤ ሌላው ወደቀበት፤ መሬት ላይ ተናነቁ። ወዲያው ከየአቅጣጫው ሰው እየሮጠ መጣ። እስቲ እናንተው ፍረዱኝ፤ እኛ አገር ሁለት ሰው መሬት ላይ ሲተናነቅ እየሮጠ የሚመጣ ሰው ለምን ይመጣል? ሊገላግል ነዋ! እኔም ማስታወሻ በሚለው ቦታ ላይ በሙሉ ልቤ “ቁጥር አራት ፈጥኖ በመድረስ ገላግሏል፤ የሚመሰገን ነው” እያልኩ ጻፍኩ። አንዱንማ “ሽማግሌ ሳይሆን አይቀርም፤ መላጣ ነው” ብዬዋለሁ።

አለቃዬ ኮሊን እንዲህ ሲል መለሰልኝ፦ “መስከረም፣ ገላጋይ ያልሻቸው ሁሉ ኳስ ሊነጥቁ የመጡ ናቸው። በዚህ ጨዋታ የሚገላግል የለም። ዳኛውም አይገላግልም። አንድ የመጨረሻ ዕድል እሰጥሻለሁ። በሁለት አገሮች ብሔራዊ ቡድኖች መካከል የተደረገ ሙሉ ጨዋታ ልኬልሻለሁ፤ ቅዳሜ በእናንተ ሰዓት አሥራ አንድ ላይ እንድታስረክቢ። ኮድ ብቻ ሙይ። ከራስሽ አንድ ቃል ብትጨምሪ አልቀበልም።”

ሀሞቴ ፈሰሰ። እስከ ዓርብ ድረስ የጨዋታውን ሕግ ሳነብ ሰነበትኩ፤ ባነበብኩት ቁጥር ግን ባሰብኝ። ቅዳሜ ጠዋት እንደምንም ራሴን አደፋፍሬ ላፕቶፔን ስከፍት መብራት ድርግም አለ። የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ እንደ እኔው ሥራ ፈት ነው፤ ሩብ ሰዓት እንኳን አይቆይም። ግቢው ውስጥ ወጥቼ ቆጣሪውን በዓይኔ ስገላምጠው አከራዬ አባባ ጉርሙ ከዘራቸውን ይዘው ሲወጡ አገኙኝ።

አባባ ጉርሙ ሰባ ያለፋቸው፣ ከተማው ማሳቸውን ሳይውጠው በፊት ገበሬ የነበሩ ሰው ናቸው። ማሳው ካለቀ በኋላ የቀራቸው ሥራ ሰው ማስታረቅ ነው። በሰፈራችን እሳቸው ያላስታረቁት ያልተጣላ ሰው ብቻ ነው።

“መስኪ፣ ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው?” አሉኝ።

“መብራት ሄደብኝ አባባ። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የማስረክበው ሥራ አለኝ፤ ካላስረከብኩ ሥራውም ቀረ፣ እኔም አገሬ ገባሁ።”

“የምን ሥራ ነው?”

“ጨዋታ ማየት።”

“ጨዋታ ማየት፣” አሉ ቀስ ብለው፤ “እንግዲህ ዘመኑ ነው። እኔ እንጦጦ እህቴ ዘንድ ለእርቅ እየወጣሁ ነው። እዚያ መብራት አለ። ነይ ተከተይኝ፤ አንዱ ጥግ ቁጭ ብለሽ ጨዋታሽን ታያለሽ።”

ሦስት ታክሲ ቀያየርን። በመንገድ ላይ ስለ ጨዋታው ሲጠይቁኝ የገባኝን ያህል አስረዳኋቸው።

“ኳሷ ክብ ናት?”

“አይደለችም። እንቁላል ነው የምትመስለው።”

“እሱ ነዋ የሚያጣላቸው፣” አሉ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መታ አድርገው፤ “ክብ ብትሆን ሄዳ አንዱ ጋ ታርፍ ነበር።”

ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብሎ ካለው ከእህታቸው ከእማማ ዲንቄ ግቢ ስንደርስ አራት ሰዓት አልፏል። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። የተጣሉት ጎረቤታሞቹ አቶ ሞገስና አቶ ቶላ ናቸው። በዝናቡ ጊዜ አንድ ትልቅ ባሕር ዛፍ ተገንድሶ ከእማማ ዲንቄ በረንዳ ፊት ለፊት፣ ከሁለቱ ግቢ ድንበር ላይ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ተጋድሟል። ሁለቱም “የእኔ ነው” ይላሉ። ለሰባት ወር ሰላምታ የላቸውም።

እኔ በረንዳው ላይ ሶኬት አግኝቼ ተሰካሁ፤ ላፕቶፑን ማለቴ ነው። ጨዋታው ተጀመረ። አንዱ ቡድን ነጭ፣ ሌላው አረንጓዴ ለብሷል። የመጀመሪያው ክምር መጣ። አቆምኩት፣ መለስኩት፣ አዘገየሁት። የማየው እግርና መቀመጫ ብቻ ነው! የማን እጅ የማን አንገት ላይ እንዳለ ለመለየት ግማሽ ሰዓት ፈጀብኝ። እውነቱን ልናገርና ከአራተኛው ክምር በኋላ መገመት ጀመርኩ። ስድስት ሰዓት ላይ ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ጨዋታ ነበር ያየሁት። የእናቴ ድምፅ በጆሮዬ ይሰማኝ ጀመር።

በዚህ መሃል አባባ ጉርሙ “ነገሩን በገመድ እንለካው” አሉ። ከድንበሩ ድንጋይ እስከ ዛፉ ጉቶ ድረስ ሊለካ ነው። የገመዱን ጫፍ ማን ይያዝ ሲባል አቶ ሞገስ ያዙት። አቶ ቶላ “አንተ ከያዝከውማ ይለጠጣል” ብለው ጎተቱት። አቶ ሞገስ ሚዛናቸውን ስተው ገመዱን እንዳቀፉ ዘፍ አሉ። አቶ ቶላም ገመዱን ስላልለቀቁ እላያቸው ላይ ወደቁ። ጉድ ፈላ! የአቶ ሞገስ ወንድሞች ከወዲያ፣ የአቶ ቶላ ዘመዶች ከወዲህ እየሮጡ መጡ።

ጎበዝ፣ እኔ መጮህ ሲገባኝ ከወንበሬ ተነስቼ በአፌ “አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት” እያልኩ ሴኮንድ መቁጠር ጀመርኩ።

“አንቺ ልጅ! ሰው ሊሞት ነው፣ አንቺ ቆጠራ ትቆጥሪያለሽ?” ብለው እማማ ዲንቄ ጮኹብኝ።

አባባ ጉርሙ ከዘራቸውን ጥለው ገቡ። አገባባቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ቀጥ ብለው፣ ሁሉም እያያቸው፣ እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ ዝቅ ብለው ግን ሳይወድቁ። “ዲሲ! ልቀቅ! የወደቀ ይለቃል!” በኦሮምኛም በአማርኛም እያሉ መዳፋቸውን ደረት ደረት ላይ እያሳረፉ ሰዉን ከላይ ማንሳት ጀመሩ።

የአቶ ቶላ አማች ዘውዱ የሚባል ጎረምሳ መሰል ጎልማሳ ግን ከጎን ነው የገባው። ሁለት እጁን ወደ ሰማይ ሰቅሎ “በቃ! ኧረ በቃ! ስለ ማርያም!” ይላል፤ ላየው መልአክ ነው። አባባ ጉርሙ ድንገት ቀጥ አሉና በጣታቸው ጠቆሙት።

“ዘውዱ! እጅህን ያነሳኸው ለእኛ ነው። ጉልበትህንስ ለማን አስቀመጥከው?”

ሁላችንም ወደ ታች አየን። የዘውዱ ጉልበት የአቶ ሞገስን ክንድ መሬት ላይ ቸንክሮታል፤ አማቱ ገመዱን እንዲነጥቁ። ዘውዱ ጉልበቱን አነሳ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

ሰዉ ከተነሳ በኋላ አባባ ልብሳቸውን እያራገፉ የግልግልን ሥርዓት ለዘውዱ አስተማሩት። “ገላጋይ ከጎን አይገባም፤ ሰው እያየው በፊት በኩል ነው የሚገባው። ገላጋይ አይወድቅም፤ ከወደቀ እሱም ተደባዳቢ ነው። አንገት አይዝም። የወደቀ ሰው የያዘውን ይለቃል። የጣለውም ለቆት ይነሳል። ይኸው ነው።”

ሦስት ቀን ሙሉ ያነበብኩት ሕግ ነዋ! ከራስህ ወገን በኩል ቀጥ ብለህ ግባ፣ በእግርህ ቁም፣ አንገት አትያዝ፣ ከወደቅክ ኳሱን ልቀቅ፣ ከጣልክ ለቀህ ተነሳ። እኔ ያንን ሁሉ ገጽ ሳገላብጥ፣ ሕጉ በአንድ ግድግዳ ማዶ ጋቢ ለብሶ ይኖር ነበር።

“አባባ፣ እባክዎን አንድ ነገር ይዩልኝ፣” ብዬ ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው።

“ከአንዱ ጠብ ወጥቼ ሌላ ጠብ ልታሳዪኝ?”

“አንድ ብቻ።”

አንዱን አዩ። መጀመሪያ ደነገጡ። “እናት የላቸውም እነዚህ?” አሉ። ሁለተኛውን አዩ። ሦስተኛው ላይ መነጽራቸውን አወጡ። “መልሺው፣” አሉኝ፤ “አቁሚ። ያ አሥራ ሁለት ቁጥር በጎን ነው የገባው። ያኛው ራሰ በራው ግን ጨዋ ነው፤ በእግሩ ቆሟል። ኳሷን የወሰደው በሕግ ነው። ቀጥይ።” በአራት ደቂቃ ሦስት ክምር ጨረስን፤ ቅድም የገመትኳቸውንም መልሰን አረምናቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሌላ ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ መጡ። በረንዳው ስለጠበበ ማራዘሚያ ገመድ ጎትተን ላፕቶፑን ግንዱ አጠገብ አወጣነው፤ ፀሐይ እንዳይመታው እማማ ዲንቄ ጃንጥላ ያዙልን። መቀመጫ ሲጠፋ ሰዉ ግንዱ ላይ ተደረደረ። አቶ ሞገስና አቶ ቶላም ሳያውቁት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አቶ ሞገስ ነጮቹን፣ አቶ ቶላ አረንጓዴዎቹን ያዙ።

“ኧረ ልቀቅ! ወድቀህ አቅፈህ ትተኛለህ?” ይላሉ አቶ ሞገስ።

“አንተስ ቅድም?” ይላሉ አቶ ቶላ። ሁሉም ይስቃል፤ እኔ ኮዴን እሞላለሁ።

ከዕረፍት በኋላ ግን አባባ ጉርሙ መሳቅ አቆሙ። ዓይናቸው የአረንጓዴዎቹ ቁጥር ስድስት ላይ ተተክሏል። ሰውየው ግዙፍ ነው። ክምሩ ውስጥ በገባ ቁጥር ሁለት እጁን ለዳኛው ሰቅሎ ያሳያል፤ “እኔ የለሁበትም፣ መውጣት አቅቶኝ ነው” የሚል ይመስላል። ዳኛውም ያልፈዋል።

“ወደ ታች አሳዪኝ፣” አሉ አባባ።

አጎላሁት። ጉልበቱ የነጩን ተጫዋች ክንድ ረግጦ ይዟል። ሌላ ክምር ከፈትን፤ ያው ነው። ሌላም፤ ያው። ሁሉም ሰው ቀስ ብሎ ዞሮ ዘውዱን አየው።

“እኔን ምን ታዩኛላችሁ!” አለ ዘውዱ።

“ግን እኮ አባባ፣ ዳኛው ጥፋት አላለውም፣” አልኩ። ፈራሁ፤ ዳኛው ያለፈውን እኔ ጥፋት ብዬ ብሞላ ኮሊን ምን ይለኛል? ለሁለተኛ ጊዜ መሳቂያ መሆን ነው።

“ዳኛው በየት በኩል ቆሞ ነው ያየው? በእጁ በኩል። እኛስ?”

ጥፋት ብዬ ሞላሁት። አሥራ አንድ ጊዜ።

ጨዋታው አልቆ የመጨረሻውን ኮድ ስሞላ ለአሥራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሆነ። ልልክ ስል አባባ እጄን ያዙኝ።

“ልጁስ?”

“የቱ ልጅ?”

“ስድስት ቁጥሩ ነዋ። ምክሩ የታለ? አብረሽ ላኪለት እንጂ።”

“አባባ፣ ከራሴ አንድ ቃል እንዳልጨምር ተብያለሁ። ከጨመርኩ ሥራው ይቀራል።”

አባባ ጉርሙ ሲቆጡ አይጮሁም፤ ድምፃቸው ይቀንሳል። “አሥራ አንድ ጊዜ ጥፋቱን ጻፍሽ። እንዲታረም አንድ ጊዜ አልጽፍም ትያለሽ። ይሄ እኮ ሐሜት ነው ልጄ። ልንመክረው ካልሆነ ለምን አየነው?”

ደሜ ፈላ። የማጣው እኔ ነኝ፤ ጓዜን የምሸክፈው እኔ ነኝ፤ እሳቸው ለማያውቁት ፈረንጅ ይጨነቃሉ። “አልችልም!” አልኳቸው ጨክኜ። ከግንዱ ላይ ተነስተው ከዘራቸውን ሊያነሱ ሄዱ። አቶ ሞገስና አቶ ቶላ መሬት መሬቱን ያያሉ። ዘውዱ ነው ጠጋ ያለኝ። “እህቴ፣” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “ቅድም ባይነግሩኝ እኮ እኔም ሁሌ እንደዛው ነበር የምገላግለው።”

ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጻፍኩት። እሳቸው እየነገሩኝ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እያዞርኩ፣ ከሪፖርቱ ግርጌ፦ “ቁጥር ስድስት ሆይ፣ እጅህን ስታነሳ ጉልበትህንም አብረህ አንሳ። ይህን ያህል ጉልበት ለተሰጠው ሰው ማታለል አያምርበትም።” ላክ የሚለውን ስነካ ኔትወርኩ መሽከርከር ጀመረ። ሰባት ደቂቃ ቀረ፤ ይሽከረከራል። አራት ቀረ።

“ሁላችሁም ስልካችሁን አጥፉ!” ብለው አባባ አዘዙ። አሥራ ምናምን ሰው እንደ አንድ ሰው ስልኩን አጠፋ። ይሄ ይርዳ አይርዳ አላውቅም፤ ለአሥራ አንድ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ግን ሄደልኝ። ግንዱም በዚያው ዕለት ባለበት እንዲቀር ተፈረደ፤ ሁለቱም ቤት ለመቀመጫነት ለምደውታል።

ሰኞ ጠዋት ኮሊን በቪዲዮ ደወለ። ፊቱ ምንም አይነበብበትም።

“ኮድሽን ከዋናው ተንታኛችን ጋር አስተያየነው፣” አለ፤ “ከቁጥር ስድስት በቀር በጣም ይቀራረባል። ከግርጌ ግን አንድ ጽሑፍ አለ።”

“አዎ።”

“አንድ ቃል እንዳትጨምሪ ብዬሽ ነበር።”

“ብለኸኛል።” ጓዜን በልቤ መሸከፍ ጀመርኩ፤ ከብርድ ልብሱ ነው የጀመርኩት።

“ችግሩ እኔ ሳላነበው ሪፖርቱ በስህተት በቀጥታ ለአረንጓዴዎቹ ቡድን ሄዷል። አሠልጣኙ እሁድ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ ሲያነብ ግርጌው ላይ ደረሰና እሱንም ጮክ ብሎ አነበበው። ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ቁጥር ስድስት ራሱ ቪዲዮውን ክፈቱት አለ። አሥራ አንዱንም አዩ። ሰውየው ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ‘ይህን ስሠራ ዘመኔን ሙሉ ማንም አላየኝም ነበር’ አለ።” ኮሊን ከዚህ በላይ ፊቱን መቆጣጠር አቃተውና ሳቀ። “ሥራው ያንቺ ነው። ከእያንዳንዱ ሪፖርት ግርጌ አንድ ምክር ይኑር። ከአንድ እንዳይበልጥ። ግን ንገሪኝ፤ ማን ነው የጻፈው?”

“ሽማግሌው አከራዬ፣” አልኩት።

እናቴ ጋ ደውዬ “ጠሩኝ” አልኳት። እልል ስትል ስልኩን ከጆሮዬ ማራቅ ነበረብኝ። ምን ሥራ እንደሆነ ስትጠይቀኝ “ሽምግልና” ብያታለሁ፤ ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አልነበረኝም።

እናንተ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እኔ ከዚያ ቅዳሜ በፊት ማየት ማለት መቁጠር ይመስለኝ ነበር። ስንት ወደቀ፣ ስንት ተነሳ፣ ስንት አጠፋ። በሰው ጥፋት ላይ ዓይኔ ስለታም ነው፤ ድሮም እናቴ ትፈራው ነበር። አባባ ጉርሙ ግን የሰው ጥፋት ሲያዩ የሚያዩት ሰውየውን ነው። ይህን ነገር ተማርኩት ብዬ አልኮራም፤ ገና እየተንተባተብኩ ነው። ባለፈው ሳምንት እንኳን መገናኛ ሁለት ረዳቶች ተያይዘው ሲወድቁ ቆሜ ሴኮንድ ስቆጥር ራሴን ያዝኩት። ገብቼ ገላገልኩ፤ ቀጥ ብዬ፣ በፊት በኩል። አንድ ጥፊ ደረሰኝ፤ ግን አልወደቅኩም።

ከአንድ ወር በኋላ ከኮሊን አጭር መልእክት መጣ። ቁጥር ስድስት “ሽማግሌው ሌላ የሚሉኝ ነገር ካለ እሰማለሁ” ብሏል። መልእክቱን ይዤ ወደ አባባ ሮጥኩ። በር ላይ ቁጭ ብለው ፀሐይ ይሞቃሉ። አነበብኩላቸው። ደስ እንዳላቸው አየሁ፤ ግን ወዲያው ቅንድባቸውን ሰበሰቡ።

“ስሙ ማን ነው?” አሉኝ።

“ቁጥር ስድስት ነው እኮ የምንለው አባባ።”

“ቁጥር ይቆጠራል እንጂ ይመከራል እንዴ? ስሙን ከነአባቱ ጠይቂልኝ።”

አፈርኩ። ያን ሰው ቀኑን ሙሉ እያቆምኩ፣ እየመለስኩ፣ እያጎላሁ አይቼዋለሁ። የቱን እግሩን አስቀድሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ፤ የግራ ጉልበቱ ላይ ያለውን ጠባሳ አውቃለሁ። ስሙን ለመጠየቅ ግን አንድም ጊዜ ትዝ አላለኝም።

በማግስቱ ስሙ ከነአባቱ ስም ተጽፎ መጣ። አባባ ጉርሙ አፋቸው እስኪለምደው ሦስት አራት ጊዜ ደጋግመው ጠሩት። ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካክለው፣ ሰውየው ፊታቸው የተቀመጠ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠረጉና “በይ አሁን ጻፊ” አሉኝ።